በልማት ስምምነት ዜና ላይ ስለ ስድስተኛው ዓመትም ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራውን ካቆመ ወዲህ በጋዜጦቻችን ስለ ውጭ እርዳታ የሚጻፈው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳል፤ የጎደለውን ገንዘብ ማን ይተካው? ትናንሽ የአውሮፓ አገሮችን በተስፋ የሚጠቅሱም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በልማት ትብብር ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በፊርማ ሥነ ሥርዓት ዜና ላይ ግን የማይነሳ ሌላ ጥያቄ አለ። ፕሮጀክቱ አምስት ዓመቱን ጨርሶ ሲዘጋ፣ በስድስተኛው ዓመት ደመወዙን፣ ነዳጁንና መለዋወጫውን የሚከፍለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለማየት የሉክሰምበርግንና የኬፕ ቨርዴን ትብብር ያህል የሚያስተምር ምሳሌ የለም ብዬ አምናለሁና በዝርዝር እንድጽፍ ፍቀዱልኝ። የውጭ አገሮቹን ጉዳይ ስጠቅስ ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ኬፕ ቨርዴ ከሴኔጋል በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የአሥር ደሴቶች አገር ናት፤ ሰው የሚኖረው በዘጠኙ ነው። በ1975 ከፖርቱጋል ነፃ ወጣች፤ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። የሉክሰምበርግም ሕዝብ ቢሆን ሰባት መቶ ሺህ አይሞላም። ሁለቱን ያስተዋወቃቸው ስደት ነው፤ ኬፕ ቨርዳውያን ከነፃነት በፊት ጀምሮ በፖርቱጋል ፓስፖርት ሉክሰምበርግ ገብተው ሠርተው ኖረዋል፣ ልጆቻቸውም እዚያው አድገዋል። ሉክሰምበርግ ከብሔራዊ ገቢዋ አንድ በመቶ ያህሉን ለልማት ትብብር የምትመድብ አገር ናት፤ የምትሰጠውም ብድር ሳይሆን ስጦታ ነው። ኬፕ ቨርዴ በ1993 ከዋና የትብብር አጋሮቿ አንዷ ሆነች። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ሥራው በባለ ብዙ ዓመት ፕሮግራም ይመራል፤ የመጀመሪያው እስከ 2005፣ ሁለተኛው እስከ 2010፣ ሦስተኛው እስከ 2015 ሄደ። አራተኛው ከ2016 እስከ 2020 ድረስ 45 ሚሊዮን ዩሮ፣ አምስተኛው ከ2021 እስከ 2025 ድረስ 78 ሚሊዮን ዩሮ ተመደበለት።

የመጨረሻውን ለአምስት ዓመትና ለግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ካካፈልነው በነፍስ ወከፍ በዓመት 31 ዩሮ ገደማ ይመጣል። ይህን መጠን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገራችን ማባዛት የትም አያደርስም፤ በዓመት ከሦስት ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው፤ ይህንን የሚሰጥ ትንሽ አገር የለም። ስለዚህ ከዚህ ትብብር የምንማረው ነገር ካለ ገንዘቡ ከተያዘበት ሁኔታ እንጂ ከመጠኑ አይገኝም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው በአብዛኛው ግንባታ ነበር። በሳንቲያጎ ደሴት፣ በአሶማዳ ከተማ ያለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ በቀድሞው የሉክሰምበርግ ግራንድ ዱክ በአንሪ ስም ይጠራል። ሕንፃ መሥራት ከባድ አይደለም፤ ጨረታ ይወጣል፣ ተቋራጭ ይገባል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የብየዳ ክፍልን ብቻ እንውሰድ። አንድ ጀማሪ ተማሪ በአንድ የተግባር ቀን አንድ ኪሎ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ቢያቃጥል 20 ተማሪዎች በ100 የተግባር ቀን ሁለት ቶን ኤሌክትሮድ ይጨርሳሉ። በዚያ ላይ ለመለማመጃ የሚቆራረጠው ላሜራና አንግል ብረት፣ የግራይንደር ዲስኩ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ፣ ጓንቱና መስታወቱ አለ። ይህ ሁሉ የካፒታል ወጪ ስላልሆነ በፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ ቢገባም ለመጀመሪያው ወይም ለሁለተኛው ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የትምህርት ሚኒስቴሩ መደበኛ በጀት ካልተሸከመው፣ ከአውሮፓ የመጣው የብየዳ ማሽን ላስቲኩን እንደለበሰ ይቀመጥና መምህሩ ብየዳን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተምራል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ምስል ለመረዳት ኬፕ ቨርዴ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ሉክሰምበርግና ኬፕ ቨርዴ ለዚህ የሰጡት መልስ የገንዘቡን መንገድ መቀየር ነበር። በእኛ አገር የፋይናንስ ሰዎች የእርዳታን መንገድ ቻናል አንድ፣ ሁለትና ሦስት ብለው ይከፍሉታል። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል በመንግሥት ሒሳብ የሚያልፈው ነው፤ ቻናል ሁለት በቀጥታ ወደ ዘርፍ ሚኒስቴሩ የሚሄደው፤ ቻናል ሦስት ለጋሹ ራሱ ወይም የቀጠረው ድርጅት የሚያወጣው። በዚህ አነጋገር የሉክሰምበርግ ገንዘብ ሉክስዴቭ በተባለው የልማት ኤጀንሲዋ ከሚተዳደር ቻናል ሦስት ተነስቶ፣ በተለይ ከአራተኛው ፕሮግራም ጀምሮ፣ እየጨመረ ወደ ቻናል አንድ ሄደ፤ ማለትም ለሥራ ስምሪትና ሙያ ሥልጠና፣ ለውሃና ለታዳሽ ኃይል ዘርፎች የሚሰጥ የበጀት ድጋፍ ሆነ። ኤጀንሲው አልጠፋም፤ በኬፕ ቨርዴ ዋና ከተማ በፕራያ ቢሮ አለው፣ የቴክኒክ አማካሪዎችን ያቀርባል። ቼኩን የሚፈርመው ግን የአገሪቱ ግምጃ ቤት ነው።

ይህ እንዴት ይሠራል? በመጀመሪያ መንግሥት የራሱ የዘርፍ ስትራቴጂና ዋጋው የተተመነ የወጪ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚህ የሚደገፍ ነገር የለም። ለጋሹ ደግሞ የበጀት አዘገጃጀቱን፣ የግዥ ሥርዓቱንና የኦዲት ሪፖርቶችን ይመረምራል። ከዚያ ገንዘቡ ቋሚና ተለዋዋጭ ተብሎ ይከፈላል። ቋሚው አጠቃላይ ሁኔታዎች እስከተሟሉ ድረስ ይለቀቃል። ተለዋዋጩ በአመልካች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ለምሳሌ ከሥልጠና ከተመረቁት ውስጥ በአሥራ ሁለት ወር ጊዜ ሥራ የያዙት ስንት በመቶ እንደሆኑ ይታያል፤ ግቡ ግማሽ ከተደረሰ ግማሹ ይከፈላል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አመልካቹን የሚያረጋግጠው የዳሰሳ ጥናት ይዘገያል፤ ጥናቱ ሲዘገይ ግምገማው ይገፋል፤ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ይገባል ተብሎ በበጀት የተያዘው ገንዘብ በአራተኛው ሩብ ዓመት ይገባል። ያኔ ሚኒስቴሩ ጨረታ አውጥቶ ዕቃ ለመረከብ ጊዜ የለውም። ግምጃ ቤቱም በመሃል ያለውን ክፍተት በአጭር ጊዜ ብድር ሸፍኖ ወለድ ከፍሎበታል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የዘንድሮ ክፍያ ባለፈው ዓመት ውጤት ላይ ይመሥረት፣ መረጃውም ከዳሰሳ ጥናት ይልቅ በየወሩ ከሚሰበሰብ የአስተዳደር መዝገብ፣ ለምሳሌ ከማኅበራዊ ዋስትና ምዝገባ፣ ይውጣ። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የአውሮፓ ለጋሾች በጀት በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ የእኛ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። በዲሴምበር መጨረሻ የጸደቀ ክፍያ እኛ ጋ የሚደርሰው የበጀት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ይህን በስምምነቱ ላይ በወር ለይቶ መጻፍ የአንድ አንቀጽ ሥራ ነው፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የወረዳ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያጣል።

የበጀት ድጋፍ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። እስከ 1997 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ለጋሾች በቀጥታ ይሰጡን ነበር፤ ከምርጫው ቀውስ በኋላ አቆሙት። በ1998 ዓ.ም. በቦታው የተተካው ፒቢኤስ የተባለው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ገንዘቡን በክልሎች በኩል ወደ ወረዳ እያወረደ የመምህራንን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንና የግብርና ባለሙያዎችን ደመወዝ ደግፏል። ስለዚያ ፕሮግራም ብዙ ክርክር አለ፤ አንድ ነገር ግን በግልጽ አሳይቷል። ለመደበኛ ወጪ የሚሆን የውጭ ገንዘብ በመንግሥት ሒሳብ ውስጥ አልፎ እስከ ወረዳ ሊደርስ፣ ሊመዘገብና ኦዲት ሊደረግ ይችላል።

አሁን ወደ ውሃው ልግባ፤ የስድስተኛው ዓመት ጥያቄ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ገሃድ የሚወጣው እዚያ ነው። ኬፕ ቨርዴ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌላት አገር ናት። እንደ ሳል፣ ቦአ ቪስታና ሳኦ ቪሴንቴ ባሉ ደሴቶች ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ በዋናነት ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ይህን ለማጣራት ውሃው በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል፣ ከዚያ ቀዳዳው አምስት ማይክሮን በሆነ፣ በየጊዜው በሚቀየር ካርትሪጅ ፊልተር፣ ከዚያም ከ55 እስከ 70 ባር በሚደርስ ግፊት ውሃውን አሳልፎ ጨውን በሚያስቀር ስስ ሽፋን፣ በሜምብሬን፣ ውስጥ ይገፋል። ከመቶ ሊትር የባሕር ውሃ 40 ወይም 45 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይገኛል፤ ቀሪው ጨው ጠግቦ ወደ ባሕር ይመለሳል። ከሚመለሰው ውሃ ግፊቱን መልሶ የሚወስድ መሣሪያ የተገጠመለት ዘመናዊ ጣቢያ ለአንድ ሜትር ኪዩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል።

ጣቢያውን የሚገድሉት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ከባሕር በሚመጣው ቧንቧ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር እንዳያድግ ክሎሪን ይጨመራል፤ ያው ክሎሪን ግን ሜምብሬኑን ይበላዋል። ስለዚህ ከሜምብሬኑ በፊት ክሎሪኑን የሚያጠፋውን ሶዲየም ቢሰልፋይት በመጠን የምትጨምር ትንሽ ዶዚንግ ፓምፕ አለች። የእሷ ዲያፍራም፣ ማለትም ፈሳሹን የሚገፋው ስስ ሽፋን፣ ተቀድዶ ኦፕሬተሩ ሳያይ ከቀረ በብዙ ሺህ ዩሮ የተገዛ ሜምብሬን በቀናት ውስጥ ጨው ማሳለፍ ይጀምራል። ዲያፍራሙ ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው፤ በመጋዘን ካልተገኘ ግን በመርከብ ይጠበቃል። ካርትሪጁም እንደዚሁ ነው። ግፊቱ ሲጨምር መቀየር ሲገባው ገንዘብ የለም ተብሎ ቢቆይ ቆሻሻው ወደ ሜምብሬኑ ያልፋል። የሚታጠብበት ጊዜም አለው፤ የውሃው ምርት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 15 በመቶ ሲጨምር። በቅድሚያ ፒኤች ከፍ ባለ መፍትሔ፣ ቀጥሎ በአሲድ ይታጠባል፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ በሜምብሬኑ ላይ ያለው ዝቃጭ ይጠነክራል። ይህን ለማወቅ ኦፕሬተሩ ግፊቱን፣ ፍሰቱን፣ የሙቀት መጠኑንና የውሃውን የጨው መጠን በየፈረቃው መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ጣቢያው ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው የሚያውቅ የለም። በደንብ የተያዘ ሜምብሬን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያገለግላል፤ ልብ በሉ፣ የሚቀየረው ልክ የአምስት ዓመቱ ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ነው!

ስለ ኃይሉም ሒሳብ ልሥራ። በቀን 5,000 ሜትር ኪዩብ የሚያመርት ጣቢያ በሜትር ኪዩብ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ 17,500 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ በናፍጣ ጄኔሬተር ቢመረት፣ በኪሎዋት ሰዓት ሩብ ሊትር ብንል፣ በቀን 4,375 ሊትር ናፍጣ ማለት ነው። ከውሃው 30 በመቶው በመንገድ ላይ ቢፈስ ወይም ሳይቆጠር ቢወሰድ በቀን ከ1,300 ሊትር በላይ ናፍጣ መሬት ውስጥ ሰርጓል። ስለዚህ ሁለተኛ ጣቢያ ከመገንባት በፊት ከተማውን በቆጣሪ በተለዩ ቀጠናዎች ከፍሎ፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ወደ ቀጠናው የሚገባውን ፍሰት መለካት ይቀድማል። በዚያ ሰዓት የሚሮጥ ቆጣሪ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። ይህ ሥራ ሪባን የሚቆረጥለት ስላልሆነ በፕሮጀክት መልክ ፈላጊ የለውም፤ በመደበኛ በጀት የሚሠራ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ለዚህም ነው የበጀት ድጋፍ ለውሃ ዘርፍ ከግንባታ ፕሮጀክት ይልቅ የሚስማማው። ባሕር የሌለን እኛም የጉድጓድ ፓምፖቻችን የሚቆሙት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ውሃው አልጠፋም፣ የጠፋው ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተርና የሚቀይራቸው ሰው ነው።

ኬፕ ቨርዴ በ2030 ከኤሌክትሪኳ ግማሹን ከታዳሽ ምንጭ ለማግኘት አቅዳለች። ከ2011 ጀምሮ በአራት ደሴቶች ላይ በድምሩ 25.5 ሜጋዋት የሚሆኑ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አሏት፤ እነዚህን ያቆመው የመንግሥትና የግል ባለሀብት ሽርክና ነው። ችግሩ ሌሊት ነፋስ ሲበረታ የሚጠቀም ሰው ማነሱ ነው፤ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ ደግሞ ከተወሰነ ጭነት በታች መውረድ ስለማይችሉ ከነፋስ የሚገኘውን ኃይል መቁረጥ ግድ ይሆናል። ትርፉን ለጨው ማስወገጃ ማዋል ጥሩ ሐሳብ ነው። ሆኖም ሜምብሬን መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር መቆምና መነሳት አይወድም፤ በቆመ ቁጥር በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት፣ ለቀናት ከቆመ ደግሞ መከላከያ ኬሚካል ይገባበታል። ስለዚህ ትልቅ የውሃ ታንከርና ጭነቱን የሚያቻችል የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ሰዉን የሚያሠለጥነው በሉክሰምበርግ ገንዘብ ፕራያ ላይ የተቋቋመው የታዳሽ ኃይልና የኢንዱስትሪ ጥገና ማዕከል፣ በአጭሩ ሴርሚ፣ ነው። ስሙ ውስጥ “ጥገና” የሚለው ቃል መኖሩን እወድለታለሁ። ያለበት ፈተና የገበያ ነው። በዘጠኝ ደሴት ላይ የተበተነ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ በየዓመቱ ስንት የሶላር ቴክኒሻን ይቀጥራል? የሆቴልና ቱሪዝም ትምህርት ቤቱም፣ እሱም የሉክሰምበርግ እጅ ያለበት፣ የገጠመው ነገር ተመሳሳይ ነው። የተተከለው ፕራያ ነው፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ግን ሳልና ቦአ ቪስታ ናቸው። አንድ የሳንቲያጎ ልጅ ሠልጥኖ ሳል ቢቀጠር የቤት ኪራዩ ደመወዙን ይጋፋዋል። ሥልጠና ያለ መኖሪያና ያለ መጓጓዣ ዕቅድ ግማሽ ሥራ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወይም ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ሠራተኞች ኑሮ ጋር አነጻጽሩት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የምንዛሬ ጉዳይ ነው። የኬፕ ቨርዴ ኤስኩዶ ከዩሮ ጋር በ110.265 የተቆለፈ ነው። በዩሮ ቃል የተገባው ገንዘብ በኤስኩዶ ስንት እንደሚሆን ከአምስት ዓመት በፊት ይታወቃል። እኛ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 100 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። በብር ውል የገቡ ተቋራጮች ዋጋ ይከለስልን አሉ፤ በዶላር የተያዘ እርዳታ በብር ሲታይ ጨመረ፣ ፓምፕና ሜምብሬን ሲገዛበት ግን ያው ነው። ስለዚህ የመለዋወጫ በጀት በውጭ ምንዛሬ ተለይቶ መያዝ አለበት። ደመወዝና መለዋወጫን በአንድ የብር መስመር ላይ የጻፈ ዕቅድ በመጀመሪያው የዋጋ ለውጥ መለዋወጫውን አጥፍቶ ደመወዙን ያስቀራል።

ቻናል አንድ አደጋ የለውም አልልም። በ2020 ቱሪስት ሲቋረጥ የኬፕ ቨርዴ ኢኮኖሚ አንድ አምስተኛ ያህል አሽቆለቆለ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ በግምጃ ቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ ሁሉ ለአስቸኳዩ ጉዳይ ይውላል፣ ለቆጣሪና ለዲያፍራም የሚተርፍ ነገር ይጠፋል። የፖለቲካውም አደጋ ትልቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2023 ኒጀር ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት በተደረገ በቀናት ውስጥ የበጀት ድጋፉን አቋረጠ። ለእኛም በትግራይ ጦርነት ምክንያት 90 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ድጋፍ ይዞብን ነበር። ገንዘቡ በአንድ በር ሲገባ በሩ ሲዘጋ የሚቆመው ሁሉም ነው። ኬፕ ቨርዴ የተጠቀመችው መንግሥት በምርጫ ሲለዋወጥም አስተዳደሩ ባለመናጋቱ ነው፤ ይህን ከስምምነት ወረቀት መቅዳት አይቻልም። ሊቀዳ የሚችለው አሠራሩ ነው።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በገንዘብ ሚኒስቴር አዳራሽ ስምምነት ሲፈረም የምትልኩት ጋዜጠኛ ስለ ገንዘቡ መጠን ከጠየቀ በኋላ፣ በየትኛው ቻናል እንደሚገባና ከመዝጊያው በኋላ ያለው መደበኛ ወጪ በየትኛው መሥሪያ ቤት የበጀት ኮድ እንደተያዘ ይጠይቅ። መልሱን አብራችሁ አትሙት። አንድ ዝርዝር ደግሞ በተለይ አይረሳ፤ የፕሮጀክት ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ፕሮጀክቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው የዚያው ማሽን መለዋወጫ እንደ ማንኛውም የንግድ ዕቃ ቀረጥ ይጠየቅበታል፤ የከተማ ውሃ አገልግሎት ያንን የሚከፍልበት መስመር በበጀቱ ላይ የለውም፤ ዕቃው ጉምሩክ መጋዘን ይቆያል፣ የመጋዘን ኪራዩም ይቆጥራል። ይህን ለመከላከል ከስምምነቱ ጋር የሚያያዝ አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል። በእሱ ላይ የእያንዳንዱ ማሽን ስም፣ የመለዋወጫው ዓይነትና ቁጥር፣ የአቅራቢው አድራሻ፣ ለሁለት ዓመት የሚበቃው መጠን፣ ለተቋሙ የማገልገል ዘመን ሁሉ የሚጸና የቀረጥ ነፃ ፈቃድ፣ እንዲሁም ያንን የሚፈርመው የኃላፊ የሥራ መደብ ይስፈርበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የልማት ፋይናንስ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ